ጾም የታዘዘለት አበባ

ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ሽንኩርት ለሚመስል ነገር ጾም ያሳዘዘ ሰው ከእኔ ሌላ ካለ እባካችሁ አገናኙኝ። ብዙ የምንጫወተው ይኖረናል። እስካሁን ግን ብቻዬን ነኝ። ደባርቅ ውስጥ በመንገድ ሳልፍ ሰው ያስቆመኝና «ባሕታዊው እንዴት ናቸው?» ይለኛል። «ደኅና ናቸው» እላለሁ። ሌላ ምን ልበል?

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ነገር ከመጀመሪያው መጀመር አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴ ላይ «በሬውን በጅራቱ ትጎትታለህ» ብለው ጽፈውበት ነበር። አፍሬ ልቀደው ስል እህቴ ትርንጎ ከእጄ ነጥቃ አነበበችው። ስቃ ስታበቃ «በሬው ቤት ከገባ በምኑም ይጎተት፤ ምን አገባቸው?» አለችኝ።

ትርንጎ ያረፈችው ባለፈው ነሐሴ ነው። ይህን በአንድ መስመር ጽፌ ልለፈው። ከዚያ በላይ ስሞክር እጄ ይቆማል።

የምትኖረው ጎንደር ነበር፣ ማራኪ ሠፈር፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይታ። ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የምትሠራው። አርባዋ ከወጣ በኋላ ዕቃዋን ላነሣ ሄድኩ። አከራይዋ እትዬ ዘውዴ በሩን ከፈቱልኝና «ዕቃዋ ይኸውልህ። ልጆቿ ደግሞ በጓሮ ናቸው» አሉኝ። ክው አልኩ። እህቴ ልጅ አልነበራትም። ወደ ጓሮ ስዞር ሰባት የቀለም ባልዲ ፀሐይ ላይ ተሰልፏል። በእያንዳንዱ ውስጥ እንደ ጎራዴ የረዘመ ቅጠል ቆሟል።

«ታማ ወደ እናንተ እስክትመጣ ድረስ ጠዋት ጠዋት ስማቸውን እየጠራች ነበር የምታነጋግራቸው» አሉ እትዬ ዘውዴ። «እኔንስ እንደዚያ ባነጋገረችኝ እል ነበር።»

አበባው አማሪሊስ ይባላል። ሥሩ ጡጫ የሚያህል ሽንኩርት ነው። ጊዜው ሲደርስ ባዶ ግንድ ብቻውን ይመጣና ጫፉ ላይ አራት ቀይ አበባ ይከፍታል፤ እያንዳንዱ እንደ መለከት አፍ የሰፋ ነው። ትርንጎ ይህን አበባ ደባርቅ፣ እናታችን ግቢ፣ ባልዲ ሳይሆን መሬት ላይ የመትከል ሐሳብ ነበራት። ጎንደር ሞቃት ስለሆነ ማደጉ አይገርምም ትል ነበር። ደባርቅ ግን ሌላ አገር ነው። ጥቅምት ሲያልቅ ሰማዩ ይጠራል፤ ጠዋት ስትነሡ ሣሩ ነጭ ነው፤ ደጅ ያደረ የባልዲ ውሃ መስተዋት ሠርቶ ይጠብቃችኋል። እማዬ «ውርጭ ይበላብሻል» ስትላት፣ ትርንጎ «አይበላውም» ስትል፣ ሦስት ዓመት ተከራከሩ። ክርክሩ ሳያልቅ ትርንጎ ሄደች። የእሷ ወገን ሆኖ የሚከራከር እኔ ብቻ ቀረሁ፤ እኔ ደግሞ ክርክር አልችልም።

ትራሷ ሥር ከነበረ ደብተር ውስጥ ለእኔ የተጻፈ ወረቀት አገኘሁ። እንዲህ ይላል፦ አንደኛ፣ በደንብ አፈር አልብሰው፤ አንገቱም አይታይ። ሁለተኛ፣ ከላዩ ገለባ አድርግበት። ሦስተኛ፣ ከጥቅምት በኋላ ውሃ እንዳይነካው፤ ብርድ ብቻውን አይገድለውም፤ ብርድና ውሃ ሲገናኙ ነው የሚገድሉት። አራተኛ መስመርም አለው። አራተኛውን ለማንም አላነበብኩም። እሱ የሚነበበው አበባው ካበበ ብቻ ነው። ካላበበ ሳይነበብ ቢቀር ይሻላል ብዬ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ሰባቱን ሽንኩርት በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «ሸጋ ሽንኩርት ነው። ከቆላ ድባ ነው?» አሉኝ።

«ሽንኩርት አይደለም።»

«ሽንኩርት ካልሆነ ታዲያ ምን ያስለቅስሃል?» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ሰጡኝ። ጫፉን ዳባት እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ጉድጓዱን ቆፈርኩ። አንዱን አስገባሁ። አፈር እየመለስኩ አንገቱ ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ነሐሴ ላይ እንዲሁ አካፋ ይዤ ቆሜ ነበር። ስለዚህ ሰባቱንም አንገታቸውን አውጥቼ ተውኳቸው። ይተንፍሱ ብዬ። ሽንኩርት እንደማይተነፍስ አውቃለሁ፤ ባዮሎጂ ተምሬአለሁ። ግን ተውኳቸው።

ጎረቤታችን አያ ደሴ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ ሲያየኝ ቆየ። ባቄላና ገብስ አራሽ ነው፤ ውርጭን እንደ ክፉ ዘመድ ያውቀዋል።

«ምነው ልጄ፣ ምን እየተከልክ ነው?»

«የትርንጎን አበባ።»

ባርኔጣውን አወለቀና መልሶ አጠለቀው። ከዚያ «ውርጭ የሰው ፊት አያይም» አለ። «የእኔን ባቄላ ከአያቴ ጊዜ ጀምሮ ያውቀዋል፤ እያወቀው ነው የሚበላው።»

ኅዳር በገባ በሳምንቱ ውርጩ መጣ። ጠዋት ስወጣ ያ እንደ ጎራዴ የቆመ ቅጠል የተቀቀለ ጎመን ሆኖ ተኝቷል። እማዬ ከበሩ ላይ ቆማ አየችው። ከቀብሩ ወዲህ ከእግዚአብሔር ጋር ካልሆነ ከሰው ጋር ብዙ አትነጋገርም ነበር። ተመልሳ ገባችና መደቡ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። በዚያች ሰዓት ገባኝ። እነዚህ ሽንኩርቶች ከሞቱ እማዬ ልጇን ሁለተኛ ልትቀብር ነው። የመጀመሪያውን እኛ አልቻልነውም፤ ሁለተኛውን ማን ይችለዋል?

በደነገጥኩበት የትርንጎን ብርድ ልብስ አውጥቼ አለበስኳቸው። ወረቀቱ ብርድ ልብስ አይልም። ድንጋጤ ግን መቼ ወረቀት ያነባል? ብርድ ልብሱ ጤዛ ጠጥቶ አደረና ጠዋት በረዶ ሠርቶ እንደ ቆርቆሮ ደረቀ። ይዤው ልገባ ብል በበር አልገባ አለኝ። ግድግዳው ላይ አስደግፌው ፀሐይ እስኪያቀልጠው እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሞ ዋለ።

የዚያን ቀን ዓይኔን ጨፍኜ የወረቀቱን አንደኛ ፈጸምኩ። አንገታቸው እስኪጠፋ አፈር መለስኩባቸው። ጨርሼ ቁጭ ስል አያ ደሴ አንድ ሸክም የገብስ ገለባ በአጥሩ ላይ ወረወረልኝ።

«ለአህያዬ ያስቀመጥኩት ነው» አለ። «እሷን አስፈቅጃታለሁ።»

እንግዲህ አንደኛና ሁለተኛ አለቀ። ሦስተኛው ደግሞ ሥራ የለውም፤ አለመሥራት ነው፤ እሱን እኔ እችልበታለሁ ብዬ አረፍኩ። ሰማዩ ኅዳር ላይ ጠብታ የለውም። ከየት የመጣ ውሃ ይነካቸዋል?

ግን ጠዋት ጠዋት ገለባው እርጥብ ነው። ጤዛ ነው አልኩ። በአራተኛው ቀን ገለባው ሥር የበረዶ ቅርፊት አገኘሁ። ጫር ጫር ሳደርግ ሁለቱ ሽንኩርት እንደበሰለ ሙዝ ሟሽሸዋል። ከጓሮ ወስጄ ጣልኳቸውና ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከማድቤቱ በር ኋላ ቆምኩ። እማዬ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ቢጫ ጀሪካን ይዛለች። ጎንበስ ብላ፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ በየተራ ታፈስላቸዋለች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምን አደረግሁ?»

«ውሃ እንዳይነካው ብላለች እኮ።»

«ውሃ አይደለም» አለች። «ጠበል ነው።»

«ጠበልም ቢሆን …»

«ጠበልም ቢሆን ምን? ጠበል የገደለው ሰምተህ ታውቃለህ?»

ጠበል የገደለው አልሰማሁም። ጠበል ተወስዳ ያልዳነች አንዲት ሰው ግን አውቃለሁ። እማዬም ታውቃታለች፤ በጀርባዋ አዝላ ነበር ያደረሰቻት። ጀሪካኑን ከእጇ ልቀበላት አልቻልኩም። ለስድስት ወር ልጇን በዚያ ጀሪካን ያስታመመች ሴት፣ አሁን የምታስታምመው ሰው አጥታ የቆመች ሴት፣ «አታጠጪ» ትባላለች? እስኪ እናንተ በሏት።

መከራው እዚህ ላይ ነው። ውሃ ቢሆን እከለክላለሁ። ጠበል ግን ማን ይከለክላል? ሲቸግረኝ ንስሐ አባታችን መምሬ ካሴ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሴ ወጥተው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳለምኩና መናገር ጀመርኩ። እንደ ልማዴ ከጅራቱ ስለጀመርኩ መጀመሪያ የመሰላቸው እማዬ ሽንኩርት ታጠምቃለች ብዬ የከሰስኳት ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። ወረቀቱን አሳየኋቸው፤ አራተኛውን መስመር በአውራ ጣቴ ሸፍኜ።

ጺማቸውን አሻሹ።

«ነገ ጾመ ነቢያት ይገባል» አሉ።

«አዎ፣ አባቴ።»

«አበባውም ይጹም።»

«አበባ ይጾማል እንዴ?»

«ነነዌ ጊዜ ከብቶቹም ጾመዋል። ሣር አልጋጡም፣ ውሃም አልጠጡም፤ መጽሐፍ ነው። ከብት ከጾመ አበባን ምን ይከለክለዋል? እንዲያውም ሆድ የለው፤ ይቀለዋል።» ተነሡና በትራቸውን ያዙ። «ለወለተ ማርያም እኔ እነግራታለሁ።»

ወለተ ማርያም የእማዬ ክርስትና ስም ነው። በማግስቱ መምሬ ቤታችን መጥተው ገለባው ላይ በመስቀል አማተቡና፣ አበባው እስከ ገና ጾመኛ ስለሆነ ጠበልም ቢሆን እንዳይቀምስ አወጁ። እማዬ እጅ ነሣች። ጾም ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ጾመኛ አይፈታተኑም። ጀሪካኑን ወስዳ ከበሩ ኋላ ሰቀለችው። እኔም ተገላገልኩ ብዬ በደስታ ልበር ደረስኩ።

ሞኝ ነኝ አላልኳችሁም? ገና የሚባል በዓል መኖሩን ረስቼው ነበር።

የገና ለት ጠዋት ጀሪካኑ ከበሩ ኋላ የለም። ሮጬ ስወጣ እማዬ ገለባውን ገልጣ ቆማለች።

«ጾሙ ተፈታ» አለችኝ፣ ትንሽ በማመን ትንሽ በመለመን። «እኛ ስንበላ እሱ ውሃ ይከለከላል?»

ውርጩ በዚያ ሰሞን እንጨት ይሰነጥቅ ነበር። «አንዴ ብቻ ታገሺኝ» ብዬ ሠፈሩን በሩጫ አቋርጬ መምሬን ከገና ማዕድ ላይ አነሣኋቸው። አፋቸው ሙሉ ነበር። ሲውጡ አሰቡ፤ ወይም ሲያስቡ ዋጡ። ከዚያ ይህን ብለው ላኩኝ፦ አበባው ተራ ጾመኛ አይደለም፤ ባሕታዊ ነው። ባሕታዊ ደግሞ የሰውን ዓለም ትቶ ዋሻ ይገባል እንጂ በገና አይፈስክም። ይሄም የአፈር ዋሻ ገብቷል። ዘመዶቹ እስከ ፋሲካ በሱባዔው አይግቡበት።

እማዬ ይህን ስትሰማ ገለባውን በሁለት እጇ መልሳ አለበሰችው። እንዳትረብሸው እየተጠነቀቀች ጀርባዋን ሳትሰጠው ወደ ቤት ገባች።

ወሬ የመሰለ ፈጣን መኪና የለም። በጥምቀት ገበያው ላይ ሌላ ሆኖ ተገኘ። በእነ እንትና ግቢ፣ መሬት ውስጥ፣ ከኅዳር ጀምሮ እህልም ውሃም ያልቀመሱ ባሕታዊ አሉ ተባለ። አንድ ቀን ከደጋው የመጡ ሁለት ሴቶች በራችን ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆመው አገኘኋቸው።

«አባታችን የት ናቸው?» አለች አንደኛዋ፣ በሹክሹክታ።

እማዬ ከውስጥ ወጣችና ገለባውን በአገጯ አመለከተቻቸው። ሴቶቹ ገለባውን አዩ። እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላቸው ታናሺቱ «ያችን ታህላለች እንዴ ዋሻቸው?» አለች።

እማዬ ልታስረዳቸው ተገደደች። አበባ መሆኑን ለማስረዳት የማን አበባ መሆኑን መናገር አለባት። የማን እንደሆነ ለመናገር ትርንጎ ማን እንደነበረች መናገር አለባት። ሴቶቹ በባዶ እግራቸው ደጃፍ ያለው ግንዲላ ላይ ተቀመጡ። እማዬ ከነሐሴ ጀምሮ በልቧ ለግድግዳው ስትነግረው የከረመችውን ያን ቀን በአፏ አወጣችው። ነጭ ካፖርት ለብሳ ስትሠራ እንዴት እንደምታምር ነገረቻቸው። ሲያማትም እንዴት እንደምትቀልድ ነገረቻቸው። ከዚያ «ጾም ግን አታውቅም ነበር» አለች። «የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች በስቅለት ቀን፣ እኛ ስንሰግድ፣ ከመሀላችን ሾልካ ጠፋች። ብፈልግ ብፈልግ የጥጃው ጋጣ ውስጥ አገኘኋት። አፏ ዙሪያውን በወተት ነጭቷል። ‹ምነው ልጄ፣ ሁለት ቀን አቅቶሽ?› ብላት ‹እኔ አይደለሁም፣ ጥጃው ነው› አለችኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። እማዬ አልሳቀችም። ሲሄዱ ግን እስከ መንገድ ሸኘቻቸው። ከዚያ ወዲያ ሌሎችም መጡ፤ ለእያንዳንዱ ነገረች። እኔ ወሬውን ላስተባብል አስቤ ነበር። ተውኩት። ይምጡ።

ቀሪው ጠላት እኔ ነበርኩ። ገለባ ሥር ያለ ነገር መሞቱን ወይም መኖሩን ሳያውቅ እስከ ፋሲካ ቁጭ የሚል ሰው አንጀቱ ምን ዓይነት ነው? በየሳምንቱ ጫር አደርጋለሁ። በጣቴ ጫን አደርጋለሁ። ጠንካራ ነው። መልሼ እቀብራለሁ። በሳምንቱ እንደገና። አንድ ጊዜ የአንዱን ሥር በጥፍሬ ቆረጥኩበት፤ ይኸው እስካሁን ይከነክነኛል። አያ ደሴ በአጥሩ ላይ ሆኖ «ስማ» አለኝ። «የተከለውን በየሳምንቱ የሚቆፍር ገበሬ ስሙ ማን ይባላል?»

«ማን ይባላል?»

«ጭላዳ ዝንጀሮ» አለኝ። «ከነልጆቹ ገደል ነው የሚያድር።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። እዚያ ወረቀቱ አለ። ዐቢይ ጾም ገባ። እኛም ጾምን፣ አበባውም ጾመ። እማዬ ጠዋት ስትነሣ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «እንዴት አደረ?» ብላ ነው። «ደኅና» እላለሁ። ይህችው ናት ንግግራችን፤ ግን ባለፈው ኅዳር ይህችም አልነበረችም።

በደብረ ዘይት ሰሞን ገለባውን አንዲት አረንጓዴ ምላስ ገፍታ ወጣች። ከቀሩት አምስት አንዷ ብቻ። እማዬን በእጇ ጎትቼ አመጣኋት። ተንበርክካ አየችው። እጇ ወደ ጀሪካኑ ሲሄድ አየሁ። መልሳ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«ሱባዔ ነው» አለች ለራሷ። «ለፋሲካ ያድርሰው።»

ግንዱ አውራ ጣት አከለ። ጫፉ ላይ እንቡጥ ቋጠረ። እማዬ በጣቷ ትቆጥራለች፦ ሆሳዕና፣ ሰሙነ ሕማማት፣ ፋሲካ። ለፋሲካ ይደርሳል። አያ ደሴ ሳይቀር ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል ብቅ ይላል፤ ባቄላውን ረስቶ።

የስቅለት ለት ጠዋት ለስግደት ልንሄድ ነጠላችንን አጣፍተን ወጣን። እማዬ ቀደመችኝ። ከደጃፉ ሳልወጣ ቆማ አየኋት። አበባው ተከፍቷል። ከአራቱ ሁለቱ፣ አፋቸውን እስከ ጥግ ከፍተው፣ ደም የመሰለ ቀይ። ፀሐይዋ ገና ከተራራው ብቅ ማለቷ ነበር፤ ያለው ብርሃን ሁሉ እሱ ላይ ያረፈ ይመስል ነበር።

እኔ ፈራሁ። እማዬ ትወድቃለች ብዬ ክንዷን ያዝኩ።

«ይቺ ልጅ» አለች። ድምጿ ሌላ ነበር። «ይቺ ልጅ … አሁንም ሁለት ቀን አቅቷት ገደፈች።»

ሳቀች። በስቅለት አይሳቅም። ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ሳቀች። እኔም ያዘኝ። አያ ደሴ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ «ምነው፣ በዚህ ቀን?» ሲለን እማዬ በጣቷ አበባውን አሳየችውና «እኔ አይደለሁም፣ ጥጃው ነው» አለችው። አያ ደሴ ምንም አልገባውም። ባርኔጣውን ግን አወለቀ፤ መልሶም አላጠለቀው።

ያን ጊዜ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። እጥፋቱ ሊቀደድ ደርሷል። ሳልሰናከል ላነብላት ሞከርኩ፤ ተሰናከልኩ፤ እንደገና ጀመርኩ።

«አራተኛ፣ ሲያብብ ውሃ እማዬ ታጠጣው። እኔ ነኝ ያልኩት በላት።»

እማዬ ወደ ቤት ገብታ ጀሪካኑን ከበሩ ኋላ አመጣች። ጎንበስ ብላ፣ እንደ ታመመ ሰው ከንፈር፣ ጠብ ጠብ እያደረገች ሥሩን አጠጣችው። አፈሩ ከኅዳር ጀምሮ ተጠምቶ ኖሯል፤ ቶሎ ቶሎ ጠጣው። ጨርሳ ክዳኑን ገጠመች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ለስግደት መንገድ ጀመርን።

እኔና እማዬ እስከ እሑድ ድረስ ውሃ አልቀመስንም። ያን ቀን ከቤታችን የጠጣች ትርንጎ ብቻ ናት።